ይቅር ብዬዋለሁ፤ ድምፁን ስሰማ ግን አሁንም ደረቴ ይጨመቃል

ጥያቄው፦ «የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። እናቴን ሦስት ዓመት ሙሉ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ሌላ ከተማ ስለሚኖር በእነዚያ ዓመታት የመጣው ሁለቴ ብቻ ነው። እናታችን ስታርፍ ግን በቀብሯ ላይ ቆሞ የተናገረው እሱ ሆነ። የኔን ስም አንዴም አላነሳም። ይህ ከሆነ 14 ወር አልፎታል። ተንበርክኬ ይቅር ብዬዋለሁ። ሆኖም ሲደውል ድምፁን ስሰማ ደረቴ ይጨመቃል፣ ጥርሴን እነክሳለሁ፣ ጠዋት ስነሳ መንጋጋዬ ያመኛል። አንድ ቀን ‹የተቀየምሽኝ ነገር አለ እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ፤ ‹ኧረ ምንም የለም› አልኩት። በቤተ ክርስቲያን ልጆች አስተምራለሁ፣ ሁሌ ፈገግ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ትንሹ ልጄ ውኃ ስላፈሰሰ ብቻ ጮኼበት ራሴን ጠላሁ። ‹ስሜት ሥጋ ነው፣ ግደይው› ተብያለሁ። ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ አልሞተም። ስሜቴ ካልታዘዘ የኔ መታዘዝ ግብዝነት አይደለም ወይ?»

ምላሽ፦ ግብዝነት አይደለም። ነገር ግን ከጻፍሽው ውስጥ አንዲት ቃል ነጥዬ ጎን አስቀምጫለሁ፤ «ኧረ ምንም የለም» ያልሽውን። ወደ እሷ እመለሳለሁ። ችግርሽ ከስሜትሽ ይልቅ እዚያች ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

መጀመሪያ «ስሜት ሥጋ ነው፣ ግደይው» የሚለውን እንየው። ይህን የመከሩሽ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ጳውሎስ በገላትያ 5 የሥጋን ሥራ ሲዘረዝር ቁጣንም ይቆጥራል። ሆኖም እዚያው ምዕራፍ ላይ ከመንፈስ ፍሬ መጨረሻ ያስቀመጠው ራስን መግዛትን ነው። የሚገዛው ነገር የሌለው ሰው ደግሞ ራሱን ገዛ አይባልም። ኤፌሶን 4 ላይ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ቁጥር 26 «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» ይላል። ወረድ ብሎ ቁጥር 31 መራርነትና ንዴት ቁጣም ከእናንተ ዘንድ ይወገድ ይላል። ጳውሎስ በአምስት ቁጥር ውስጥ የተናገረውን ረስቶ አይደለም። የፊተኛው በር ያንኳኳ ቁጣ ነው። የኋለኛው ገብቶ፣ አልጋ ዘርግቶ፣ የቤቱ ሰው የሆነ ቁጣ ነው። ለሁለቱ የሚሰጠው ትእዛዝም የተለያየ ነው።

ይህ ልዩነት ከቃየን ታሪክ ጀምሮ አለ። ቃየን ገና እጁን ሳያነሳ እግዚአብሔር «ለምን ተናደድህ? ለምንስ ፊትህ ጠቆረ?» ይለዋል። መናደዱ ታይቷል፣ ፊቱ መጥቆሩም ታይቷል። ኃጢአት ግን ገና ደጅ ላይ ነው የምታደባው። «አንተም በእርስዋ ንገሥባት» ተባለ። በዚያች ሰዓት ቃየን የተናደደ ሰው እንጂ ወንድሙን የገደለ ሰው አልነበረም። ጥያቄ የተጠየቀውም ያኔ ነው፤ መልስ የመስጠት ዕድል ነበረው። አልመለሰም። ወንድሙን ጠርቶ ወደ ሜዳ ሄደ። አንባቢ ሁሉ ግድያው ላይ ያተኩራል፤ እኔን ግን ሁሌም የሚይዘኝ ያ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

አማርኛችንም ይህን ነገር ያውቀዋል። ከፋኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ እንላለን። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የደረሰብኝ ነኝ እንጂ አድራጊ አይደለሁም። ልክ ራበኝ፣ በረደኝ እንደምንለው ነው። ቂም ያዝኩ፣ ተሳደብኩ፣ አኮረፍኩ ስንል ግን አድራጊው እኔ ነኝ። («ተናደድኩ» መሃል ቤት ትዋልላለች፤ እሷን ለሰዋስው ሰዎች ትቻታለሁ።) መታዘዝ የሚጠየቀው በዚህኛው በኩል ነው። «አይራብህ» ተብሎ የታዘዘ ሰው የለም። «አትስረቅ» የተባለ ግን ሁላችንም ነን፤ የራበንም ጭምር።

«ታዲያ ‹በአንዳች አትጨነቁ› የሚለው ስሜትን ማዘዝ አይደለም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዐረፍተ ነገሩን ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ በጸሎትና በምልጃ ልመናችሁን በእግዚአብሔር ዘንድ አስታውቁ ነው የሚለው። ጭንቀቱን ይዛችሁ የት እንደምትሄዱ ነው የሚነግራችሁ። ይህን የጻፈው ጳውሎስ ራሱ በ2ኛ ቆሮንቶስ 11 የአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ሐሳብ በየዕለቱ እንደሚከብድበት ይናገራል። በምዕራፍ 1 ደግሞ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እስከ መቁረጥ ደርሶ እንደነበር ይጽፋል። ሐሳብ የማይነካው ሰው አልነበረም፤ ሐሳቡን የሚያራግፍበት ቦታ የነበረው ሰው ነው።

አሁን ግብዝነት ወዳልሽው። ግብዝ ተብሎ የተተረጎመው የግሪኩ ቃል በመድረክ ላይ የሚጫወት ተዋናይን የሚጠራ ነበር። ግብዝ ማለት ለተመልካች ብሎ ያልሆነውን የሚመስል ሰው ነው። ስሜቱ እምቢ እያለው ትክክለኛውን ነገር የሚያደርግ ሰው ግብዝ አይደለም። በማቴዎስ 21 አባት ሁለት ልጆቹን ወደ ወይን ቦታ ይልካል። አንዱ «አልወድም» አለ፤ ኋላ ግን ተጸጽቶ ሄደ። ሌላው «እሺ ጌታዬ» አለና ቀረ። የአባቱን ፈቃድ ያደረገው ማነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ግልጽ ነበር፤ አልወድም ያለው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ፤ ጽዋዋ እንድታልፍለት ለመነ፤ ያውም ደጋግሞ፣ ሦስት ጊዜ። «አንተ እንደምትወድ ይሁን» ያለው ፍርሃቱና ሐዘኑ ለቀውት ከሄዱ በኋላ አይደለም። እዚያው ሐዘን ውስጥ ሆኖ ነው። ስሜትና መታዘዝ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጸሎት ውስጥ አብረው አደሩ። ይህን ያየ ሰው «ስሜቴ ካልታዘዘ መታዘዜ ውሸት ነው» ሊል አይችልም።

እስካሁን ያልኩት ከመጽሐፍ ነው። የሙያዬ፣ የሥነ ልቦናው፣ ጎንም የሚለው አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ «ስለ ነጭ ድብ እንዳታስቡ» አላቸው። ድቡ ከአእምሯቸው አልወጣ አለ። እንዳያስቡት መከልከላቸው ራሱ ይጠራው ነበር። በ1990ዎቹ ደግሞ ጀምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የሚረብሽ ፊልም ለሰዎች እያሳዩ ለገሚሶቹ «ስሜታችሁ ፊታችሁ ላይ እንዳይታይ» አሏቸው። ፊታቸውን መደበቅ ችለዋል። ውስጣቸው የተሰማቸው መጥፎ ስሜት ግን አልቀነሰም። ሰውነታቸው እንዲያውም ከሌሎቹ ይበልጥ ተወጠረ። የሚያምሽ መንጋጋ ይህ ነው። ፊትሽ ፈገግ ሲል መንጋጋሽ ሥራውን ተቀበለ። (በነገራችን ላይ የጥርስ ሐኪም አሳዪው። በእንቅልፍ ጥርስ ማፋጨት ጥርስን ይበላል፤ እሱን ጸሎት ብቻውን አያስተካክለውም።)

ተቃራኒውም ስህተት ነው። «ውጭው፣ ጩኺ፣ ትራስ ምቺ፣ ይወጣልሻል» የሚሉሽ አይጠፉም። ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የመቱ ሰዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት የባሰ ተናደው ተገኙ። ስለዚህ ምርጫሽ ማፈን ወይም ማፈንዳት ብቻ አይደለም። መካከል ላይ የሚጠቅም ሥራ አለ፤ መስማት። አስተውለሽ ከሆነ በእኛ ቋንቋ «ስሜት» እና «መስማት» አንድ ሥር ናቸው። «ልጁ አይሰማም» ስንል ደግሞ አይታዘዝም ማለታችን ነው። ስሜትሽን ስሚው፤ ምን እንዳለ እወቂ። መታዘዝ ግን ለሌላ ነው።

እንግዲህ የአንቺ ስሜት ምን እያለ ነው? ከሩቅ ሆኜ ልቤ የሚነግረኝን ልበልና አንቺ አስተካክዪው። በደብዳቤሽ ውስጥ «ተናደድኩ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ያለው ደረት መጨመቅ ነው። ብዙ ጊዜ ቁጣ የሚመስለን ነገር ሥሩ ሲታይ ሐዘን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት እየተነሳሽ ስታገላብጫት፣ መድኃኒት ስትሰጫት፣ ልብሷን ስትቀይሪላት የኖርሽ ሴት እናትሽን ብቻ አይደለም ያጣሽው። የቀንሽን ቅርጽም አጥተሻል። በዚያ ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቀን ያ ድካም በስም ሳይጠራ ቀረ። ለዚህ ትክክለኛው ቃል «ሆድ ባሰኝ» ይመስለኛል። ለስሜት ትክክለኛ ስም መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። «ሆድ ባሰኝ» ያለች ሴት ማልቀስ ትችላለች። «ተናደድኩ» ያለች ጥፋተኛ ትፈልጋለች። «ምንም የለም» ያለች ደግሞ ልጇ ላይ ትጮኻለች።

ሌላው ምክንያት ሰውነትሽ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ የደከመና ባዶ ሆዱን የዋለ ሰው ቶሎ ይቆጣል። ለስሜትሽ ብለሽ የጾምሽው ጾም ልጅሽ ላይ ለመጮኽ አቅርቦሽ ሊሆን ይችላል። ጾምን አልቃወምም። ራስን ለመቅጣት ሲውል ግን ጾምነቱ ይቀራል። ኤልያስ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ክትክታ ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ ስብከት ይዞ አልመጣም። እንጎቻና ውኃ ይዞ መጣ። በልቶ ተኛ፤ ተነስቶ ደግሞ በላ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኮሬብ ሲደርስ። ቅደም ተከተሉን ልብ በዪው።

አሁን ይቅርታው። «ይቅር ብዬ ከሆነ ለምን አሁንም ይሰማኛል?» ነው ጥያቄሽ። ኤቨረት ወርዚንግተን የተባለ ክርስቲያን የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ፤ ይቅርታን ለብዙ ዓመታት ያጠና። ጥናቱን ከጀመረ በኋላ እናቱን ቤቷ የገባ ሌባ ገደላት። ስለዚህ ነገሩን በወረቀት ብቻ አይደለም የሚያውቀው። እሱ ይቅርታን በሁለት ይከፍለዋል፤ የውሳኔ ይቅርታና የስሜት ይቅርታ። የውሳኔው «አልበቀልም፣ እንደ ሰው እይዘዋለሁ» ማለት ነው፤ በአንድ ሌሊት ሊሆን ይችላል። የስሜቱ ግን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ ብዙ ዓመት ይወስዳል። አንቺ የመጀመሪያውን አድርገሻል። ተንበርክከሽ ያልሽው ውሸት አልነበረም። ሁለተኛው ገና መንገድ ላይ ነው።

መጽሐፍ ውስጥ ይህን እንደ ዮሴፍ የሚያሳይ የለም። ስለ ወንድም ጉዳይም ስለሆነ በደንብ እናንብበው። ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ሲመጡ ከሸጡት 20 ዓመት አልፎ ነበር። ዮሴፍ ለልጁ ምናሴ የሚል ስም ያወጣው እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ብሎ ነው። ረስቻለሁ ያለ ሰው ነው እንግዲህ። ሆኖም ሲያወሩ ሲሰማ ዘወር ብሎ አለቀሰ። ብንያምን ባየ ጊዜ ደግሞ ልቅሶው ስለመጣበት ቸኩሎ ወደ እልፍኙ ገባና እዚያ አለቀሰ። ቀጥሎ ያለችው መስመር በጣም ትገርመኛለች፤ ፊቱን ታጥቦ ወጣ፣ ልቡን አስታግሶ «እንጀራ አቅርቡ» አለ። አልካደውም፤ አለቀሰ። አልለቀቀውምም፤ ፊቱን ታጠበ። ከዚያ ምሳ አቀረበ። የፊት መታጠቢያው ውኃ ሳይቀር የተጻፈው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ላንቺ ይበልጥ ይጠቅምሻል። ማንነቱን ሊገልጥ ሲል «ሰውን ሁሉ ከፊቴ አስወጡ» አለ። እነሱና እሱ ብቻቸውን ቀሩ። ያን ጊዜ ያለውን አስታውሺ፤ ወደ ግብፅ የሸጣችሁኝ ወንድማችሁ ዮሴፍ እኔ ነኝ። «የሸጣችሁኝ» አለ እኮ። «ኧረ ምንም የለም፣ ያለፈ ነገር ነው» አላለም። በደሉን በስሙ ጠራው፤ ከዚያ አቅፎ ሳማቸው። አባታቸው ያዕቆብ ግብፅ ከገባ በኋላ 17 ዓመት ኖሮ ሞተ። ወንድሞቹ «አሁን ይበቀለናል» ብለው ፈርተው ሲልኩበት ዮሴፍ እንደገና አለቀሰ። ከታረቁ ከ17 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚህ ዕንባ ይቅርታው ውሸት ነበር የሚል አንባቢ አላጋጠመኝም። ያንቺ ገና 14 ወሩ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጎን ያስቀመጥኳት ቃል የምትመጣው። ወንድምሽ «የተቀየምሽኝ ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀሽ። በሩን ከፈተልሽ። አንቺ ዘጋሽው፤ መታዘዝ መስሎሽ። ዘሌዋውያን 19 ቁጥር 17 ወንድምህን በልብህ አትጥላው ብሎ እዚያው በዚያው ባልንጀራህን ገሥጸው ይላል። መጥላትን የሚከላከለው መናገር ነው። ማቴዎስ 18 ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ይላል። ቅድም ያነሳነው የኤፌሶን 4 «ተቆጡ» ደግሞ ከፊቱ ያለው ቁጥር ውሸትን አስወግዳችሁ ከባልንጀሮቻችሁ ጋር እውነትን ተነጋገሩ የሚል ነው። መጀመሪያ እውነት፣ ከዚያ ቁጣ፣ ከዚያም እዚያው ቁጥር 26 ላይ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ»። ስሜትሽ እንዲታዘዝ ስትታገዪ ከከረምሽ በኋላ ሳይታዘዝ የቀረው ትእዛዝ ይህ ነው። ደረትሽ የሚጨመቀው ኃጢአተኛ ስለሆንሽ አይመስለኝም። ያልተነገረ ነገር ስላለ ነው።

ስለ ፀሐይዋ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ባልና ሚስት በዚህች ጥቅስ እንቅልፍ ያጣሉ። ከመተኛታችን በፊት ስሜቱ ማለቅ አለበት ብለው እኩለ ሌሊት አልፎ ይጨቃጨቃሉ። ጥቅሱ ቁጣው እስኪጠፋ አትተኛ አይልም። ሳይነካ፣ ሳይነገር፣ ቀን በቀን ላይ እንዲደራረብ አትተወው ነው የሚለው። «ይህ ነገር አሞኛል፤ ቅዳሜ እንነጋገር» ብሎ መተኛት በቁጣ ላይ ፀሐይ ማስገባት አይደለም።

ከወንድምሽ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ግን ሐዘኑን ለእግዚአብሔር ንገሪው፤ ሳታሳምሪ። መዝሙር 13 ስድስት ቁጥር ብቻ ናት። «አቤቱ፥ እስከ መቼ?» ብላ ትጀምራለች፤ ፈጽመህ ትረሳኛለህን ትላለች። ከዚያ ልመና፣ ከዚያ መታመን። መዝሙር 88 ደግሞ መታመን ላይ እንኳ ሳትደርስ በጨለማ ታልቃለች፤ እሷም ጸሎት ተብላ ተቆጥራለች። እስካሁን «ይህን ስሜት አንሳልኝ» ብለሽ ነው የጸለይሽው። አሁን ሌላ ጸልዪ፤ ምን እንደሆነ ንገሪው። የወንድምሽን ስም ጠርተሽ፣ የቀብሩን ቀን ጠርተሽ፣ ሦስቱን ዓመት ጠርተሽ። ብትጽፊው ይሻላል። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ገደብ የምሰጥሽ አውቄ ነው። ያንኑ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ማመንዠክ ጸሎት አይደለም፤ ቁስል መፋቅ ነው። ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ እንደ ዮሴፍ ፊትሽን ታጠቢ።

ስትጽፊ አንድ ጥያቄ ራስሽን ጠይቂ። የማይመች ጥያቄ ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ወንድምሽን «ናና አግዘኝ፣ አልቻልኩም» ብለሽው ታውቂያለሽ? ምናልባት ብለሽዋል። የሚያስታምሙ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቁም። ሌላው በራሱ እንዲገባው ይጠብቃሉ፤ ሳይገባው ሲቀር ይከፋቸዋል። መልሱ «አልጠየቅኩም» ከሆነ በደሉን አያጠፋውም። ንግግሩን ግን ይለውጠዋል። ከሉቃስ 15 ታላቁ ልጅ ጋርም ትገናኛላችሁ፤ ከትእዛዝህ ከቶ አልተላለፍሁም፣ አንድ ጥቦት ስንኳ አልሰጠኸኝም ያለው። ይህን ልጅ ሰባኪዎች ሲወርዱበት እሰማለሁ። አባቱ ግን አልወረደበትም። ለጠፋው ልጅ እንደወጣ ሁሉ ለተቆጣውም ወጥቶ ለመነው። ጥቦቱን አልጠየቀም ነበር መሰለኝ፤ አባቱ «ለእኔ የሆነ ሁሉ የአንተ ነው» ይለዋልና።

ለንግግሩ ጥቂት ነገር ልበል። ብቻችሁን ሁኑ፤ የተዝካር ቀን፣ የበዓል ማዕድ፣ የዘመድ ስብሰባ አይሁን። በጽሑፍ መልእክት አትጨርሺው። መገናኘት ካልተቻለ በስልክ ይሁን። የምትናገሪው ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገር ይሁን፤ ስለሆነውና ስለተሰማሽ ብቻ። «እማዬን ሳስታምም ብቻዬን ነበርኩ፤ ያ እስካሁን ያመኛል። በቀብሯ ቀን ስሜን ሳታነሳ ስትቀር ሆድ ባሰኝ። ስትጠይቀኝ ምንም የለም ያልኩህ እውነት አልነበረም።» ይበቃል። «አንተ ድሮም» ብለሽ አትጀምሪ፤ «ድሮም» ከገባች ንግግሩ ያልቅለታል። ከዚያ ዝም በዪና ስሚው። ምናልባት ስምሽን ያላነሳው አፍሮ ይሆናል፤ የቀረ ሰው የቆየውን ሰው ስም መጥራት ይከብደዋል። ምናልባትም ጭራሽ አላሰበውም። ይቅርታ ላይጠይቅም ይችላል። አንቺ የታዘዝሽው እውነቱን ለመናገር ነው፤ የእሱ መልስ በአንቺ እጅ አይደለም።

ስሜቱ በድንገት ሲነሳ፣ ያ ስልክ ሲጠራ፣ የሚረዳሽ ነገር አጭር ነው። መንጋጋሽን ልቀቂ። ወደ ውስጥ ከምትስቢው ትንፋሽ ይልቅ የምታስወጪውን አስረዝሚ፣ አምስት ስድስት ጊዜ። ልብ እንዲህ ነው ምቱን የሚያረግበው። አሁን የማትችይ ከሆነ አታንሺው፤ በኋላ ደውዪ። የተቆጣ ሰውነት ለመብረድ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። «ለቁጣም የዘገየ ይሁን» የሚለውን የያዕቆብ መልእክት እኔ በጥሬው ነው የምወስደው፤ ዘግይ ማለት ጊዜ ውሰድ ማለት ነው።

ልጅሽን ደግሞ ዛሬ አናግሪው። ቁመቱ ድረስ ዝቅ ብለሽ «ውኃው ስለፈሰሰ አይደለም የጮኽኩት፤ አዝኜ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» በዪው። ማስረዳት አታብዢ። ልጆች እናታቸው መቆጣቷን ይረሱታል፤ ምክንያቱ እነሱ እንደሆኑ ሲመስላቸው ግን አይረሱትም።

ጥንቃቄዎች አሉኝ። ያልኩት ሁሉ ወንድምሽ የማይጎዳሽ ሰው ነው በሚል ነው። የሚማታ፣ የሚያስፈራራ ወይም ልጅ ሳለሽ የጎዳሽ ሰው ቢሆን ኖሮ ብቻሽን ሂጂ አልልሽም ነበር። ዳዊት ሳኦልን አልገደለም፤ ጦር ሲወረውርበት ግን እዚያው አልቆመም፤ ሸሸ። ይቅርታ የሚጎዳ ሰው አጠገብ ተመልሶ መቀመጥ አይደለም፤ መታዘዝም መመታት አይደለም። ይህን ለሌሎች አንባቢዎችም ነው የምጽፈው። «ታዘዥ» እየተባለች ቤቷ ውስጥ የምትደበደብ ሴት ይህን ምላሽ አንብባ «ሄጄ ልናገረው» እንዳትል። እሷ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ደኅንነት ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ስለ ሐዘን ነው። ሐዘንሽ ቀን በቀን ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅሽ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካሉሽ፣ ምንም ነገር ደስ የማይልሽ ከሆነ፣ ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ የሚታይ ነገር ነው። የእንቅርት ዕጢ ችግርና የደም ማነስም ሰውን ያደክማሉ፣ ያነጫንጫሉ፤ የደም ምርመራ ያሳያቸዋል። መኖር ካልፈለግሽ ወይም ራስሽን ስለመጉዳት ካሰብሽ ግን ነገ አትበዪ። በዚያው ቀን ለምትቀርቢው ሰው ንገሪ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ «ልጹም» ወይም «ተፈውሻለሁ» ብሎ በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ። የንስሐ አባትሽ ወይም መጋቢሽ ሐኪምን የሚቃወሙ ከሆነ በዚህ ጉዳይ ሐኪሙን ስሚ።

ምክሬ ይህ ነው። «ስሜቱን አንሳልኝ» የሚለውን ጸሎት ለጊዜው አቁሚ። ጾሙንም እንቅልፍሽ እስኪስተካከል አቆዪው፤ ከንስሐ አባትሽ ወይም ከመጋቢሽ ጋር ተማከሪበት። ሦስት ማታ ሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት ጻፊ። በአራተኛው ቀን ለወንድምሽ አጭር መልእክት ላኪ፤ «ባለፈው ስትጠይቀኝ ምንም የለም ብዬህ ነበር። የምነግርህ ነገር አለኝ። ብቻችንን ሆነን የምናወራበት ጊዜ መቼ ይመችሃል?» የልጆቹን ትምህርት ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ማቆም የለብሽም። የሚያስተምር ሰው ሐዘንተኛ መሆን የለበትም ያለ የለም፤ ፈገግ ማለት ያቃተሽ ቀን ግን ፈገግ አትበዪ።